በስርዓተ ክወና የፋይል ሲክ ኮድ ላይ የቀረበን ለውጥ መገምገም፦ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ የኦፕንዜድኤፍኤስ (ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጅ ሶፍትዌር፣ ማለትም ፋይል ሲስተም) ተጠቃሚዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ፋይል ይገለብጣሉ፤ የግልባጩ መጠን ትክክል ነው፣ የስህተት መልእክትም የለም፤ ሲከፈት ግን ከፊሉ ዜሮ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ዋናው ፋይል ደህና ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው በዚያው ሰሞን ከ2.2.0 እትም ጋር የወጣው አዲስ የብሎክ ማጋሪያ ዘዴ ነበር። ሲመረመር ግን ችግሩ ከዚያ በፊትም በኮዱ ውስጥ የኖረ ሆኖ ተገኘ፤ «ከዚህ ቦታ ወዲያ ዳታ ያለው የት ነው? ባዶውስ የሚጀምረው ከየት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሲክ፣ ማለትም በፋይል ውስጥ የሚነበብበትን ወይም የሚጻፍበትን ቦታ የሚወስነው ጥሪ፣ መንገድ ነበር። ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ ዳታ መኖሩን የሚያጣራው ፍተሻ፣ በጣም ጠባብ በሆነ የጊዜ ክፍተት ውስጥ «የለም» ይል ነበር። የኮርዩቲልስ 9 (የመሠረታዊ ትእዛዞች ስብስብ) መገልበጫ ፕሮግራም ይህን መልስ አምኖ ዳታውን እየዘለለ አለፈ። እርማቱ በ2.2.2 እና በ2.1.14 ወጣ።

ሲክ ራሱ አንዲት ባይት አያነብም፣ አንዲት ባይትም አይጽፍም። ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥር ይመልሳል። ገምጋሚዎች ቶሎ የሚያልፉትም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ያንን ቁጥር ይዞ ሌላ ኮድ ያነብበታል፣ ይጽፍበታል፣ ይዘልልበታል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከሲክ ርቆ፣ ማንም ሲክን በማይጠረጥርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከታች ባሉት ደረጃዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ አብሯችሁ ይሂድ፦ ይህን ቁጥር የሚያምነው ማን ነው? ቁጥሩ ቢሳሳትስ ምን ያደርጋል?

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ኮዱ ለማንም ክፍት ከሆነው ከሊኑክስ ነው። ሥርዓቱ ግን ለሌሎችም ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ ለውጡን ከመክፈታችሁ በፊት ውሉን ጻፉ

ለውጡን መጀመሪያ ካነበባችሁ የጸሐፊው አስተሳሰብ ይዟችሁ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሲክ ለጠሪው የገባውን ቃል በራሳችሁ አገላለጽ በወረቀት ላይ አስፍሩ።

በፖሲክስ (ዩኒክስ መሰል ስርዓቶች የሚከተሉት የጋራ መስፈርት) ደንብ መሠረት መነሻዎቹ ሦስት ናቸው፦ ከፋይሉ መጀመሪያ፣ ጠቋሚው አሁን ካለበት፣ ከፋይሉ መጨረሻ። ጥሪው ከተሳካ የሚመለሰው ከፋይሉ መጀመሪያ ጀምሮ የተቆጠረ አዲስ ቦታ ነው። ካልተሳካ ስህተት ይመለሳል፤ የፋይሉም ቦታ እንደነበረ ይቆያል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ አስምሩባት፤ ብዙ ለውጥ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው።

ከፋይሉ መጨረሻ አልፎ መሄድ የተፈቀደ ነው። ፋይሉ በዚህ ብቻ አያድግም፤ በኋላ እዚያ ሲጻፍ ግን በመካከል የቀረው ክፍተት ሲነበብ ዜሮ ይሰጣል። አንድ ለውጥ «ከመጨረሻው ያለፈ ቦታ ስህተት ነው» ብሎ የሚከለክል ከሆነ፣ በመደበኛ ፋይል ላይ ውሉን አፍርሷል። መጠኑ በማያድግ መሣሪያ ላይ ከሆነ ግን ትክክል ሊሆን ይችላል።

ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት የቦታው ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። ቦታው የሚቀመጠው በፋይል ቁጥሩ (ስርዓቱ ለተከፈተ ፋይል ለፕሮግራሙ የሚሰጠው መለያ) ላይ ሳይሆን ቁጥሩ በሚያመለክተው የተከፈተ ፋይል መዝገብ ላይ ነው። የፋይል ቁጥር ሲባዛ ወይም ሂደት ልጅ ሲወልድ ሁለቱም አንድ ቦታ ይጋራሉ። በአንድ የሼል (የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም) ቅንፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ትእዛዞች ወደ አንድ ፋይል ሲጽፉ የሁለተኛው ውጤት የመጀመሪያውን ሳያጠፋ ተከትሎ የሚሰፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታውን ለእያንዳንዱ ሂደት ለይቶ የሚያስቀምጥ «ማሻሻያ» ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰብራል።

ደረጃ 2፦ ለውጡ ለምን እንደመጣ አረጋግጡ

የለውጡ መግለጫ የሚታይ ምልክት ይናገር፦ የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው ዓይነት ፋይል ላይ፣ ምን ጠርቶ ምን አገኘ? «ኮዱን አቀለልኩ» የሚል ብቻ ከሆነ ታሪኩን በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ወደ ኋላ ተከታተሉ። በሲክ ኮድ ውስጥ ዋጋ ቢስ የምትመስል አንዲት የፍተሻ መስመር ብዙ ጊዜ የአንድ የቆየ ብልሽት ጠባሳ ናት።

ከዚያ የተዘጋጀ ረዳት መኖሩን እዩ። ሊኑክስ ለመደበኛ ፋይሎች፣ መጠናቸው ለማይለወጥ መሣሪያዎች፣ ሲክ ምንም ለውጥ ለማያመጣባቸውም ጭምር የጋራ ተግባራት አሉት። አንድ ድራይቨር (መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ ኮድ) የራሱን የሲክ ሒሳብ ከባዶ ሲጽፍ ካያችሁ፣ የመጀመሪያው አስተያየታችሁ «የጋራው ለምን አልበቃም?» ይሁን። መልስ ከሌለው ቀሪውን ማንበብ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን በእጅ ሥሩ

ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ። በአንድ ድራይቨር ላይ የቀረበ ለውጥ የሚከተለውን ይመስላል እንበል፤ ኮዱን በአማርኛ ቃላት አስፍሬዋለሁ፦

    ሲክ(ፋይል፣ እርምጃ፣ መነሻ)፦
    1.  መነሻ «ከመጀመሪያው» ከሆነ፦ አዲስ ← እርምጃ
    2.  መነሻ «ካለበት» ከሆነ፦ አዲስ ← ፋይል.ቦታ + እርምጃ
    3.  መነሻ «ከመጨረሻው» ከሆነ፦ አዲስ ← ፋይል.መጠን + እርምጃ
    4.  ፋይል.ቦታ ← አዲስ
    5.  አዲስ ከ0 ካነሰ፦ ስህተት መልስ
    6.  አዲስን መልስ

ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ቢያንስ አራት ጥፋት ግን ተሸክሟል።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ነው። ቦታው 10 ሳለ እርምጃው ‎−20 ቢሆን፣ አራተኛው መስመር ቦታውን ‎−10 ያደርገዋል፤ አምስተኛው ስህተት ይመልሳል። ጠሪው «አልተሳካም፣ ስለዚህ ያለሁት 10 ላይ ነው» ብሎ ንባቡን ይቀጥላል፤ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ግን ‎−10 ይዟል። የአምስተኛውና የአራተኛው መስመር ቦታ መለዋወጥ አለበት።

ሁለተኛው ያልታወቀ መነሻ ነው። ጠሪው 99 ቢልክ ከሦስቱ ቅርንጫፎች አንዱም አይነካውም፤ «አዲስ» የተባለው ተለዋዋጭ በማህደረ ትውስታ ውስጥ የነበረውን ማንኛውንም ቁጥር እንደያዘ ያልፋል። ለማይታወቅ መነሻ መልሱ «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚል ስህተት፣ ማለትም ኢኢንቫል፣ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የላይኛው ወሰን አለመኖሩ ነው። ፋይል ሲስተሙ የሚይዘው ትልቁ ፋይል የታወቀ ገደብ አለው፤ ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም በ4 ኪሎባይት ብሎክና በኤክስቴንት (ተከታታይ ብሎኮችን በአንድ በሚመዘግብ ዘዴ) ሲሠራ ገደቡ 16 ቴራባይት ገደማ ነው። የሊኑክስ የጋራ ኮድ ከገደቡ ያለፈን ቦታ አይቀበልም፤ ይህ ለውጥ ግን ይቀበላል።

አራተኛው የቁጥር ሞልቶ መገልበጥ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በ64 ቢት ምልክት ያለው ቁጥር ትልቁ 9223372036854775807 ነው። ቦታው 10 ሳለ እርምጃው ይህ ቁጥር ቢሆን ድምሩ አይያዝም። በሲ ቋንቋ ምልክት ያለው ቁጥር ሲሞላ የሚሆነው ነገር አልተደነገገም፤ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ፍተሻውን የመሰረዝ መብት አለው። የሊኑክስ ከርነል ቁጥሩ እንዲገለበጥ በሚያስገድድ የኮምፓይለር ምርጫ ስለሚገነባ፣ ድምሩ አሉታዊ ሆኖ ይወጣና «ከ0 ካነሰ» የሚለው ፍተሻ ይይዘዋል። ያው ኮድ ያንን ምርጫ ወደማይጠቀም ስርዓት ሲወሰድ ግን ዋስትናው አብሮት አይሄድም። ለማንኛውም ስርዓት የሚያስተማምነው ሞልቶ መሆኑን ራሱ የሚናገር የመደመሪያ ተግባር መጠቀም ነው።

ማባዛት ሲገባበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በብሎክ የሚቆጥር ድራይቨር እርምጃውን በ512 ያባዛዋል እንበል። እርምጃው 36028797018963968 ቢሆን፣ ይኸውም 2 በ55 ኃይል ነው፣ ብዜቱ በትክክል 2 በ64 ኃይል ይሆናል፤ በ64 ቢት ውስጥ የሚቀረው 0 ነው። ዜሮ አሉታዊ አይደለም፤ ፍተሻው በደስታ ያሳልፈዋል፤ ፕሮግራሙም የመጀመሪያውን ብሎክ ይዞ ሊጽፍበት ይዘጋጃል። ስለዚህ በሲክ ኮድ ውስጥ ማባዛት ወይም ወደ ግራ መግፋት ባያችሁ ቁጥር ወሰኑ ከስሌቱ በፊት መፈተሹን ጠይቁ።

የቁጥሩንም ስፋት ከመግቢያ እስከ መውጫ ተከተሉ። በመንገዱ ላይ አንድ ባለ 32 ቢት ተለዋዋጭ ካለ፣ የ5368709120 ባይት ቦታ፣ ማለትም 5 ጊጋባይት፣ ያለ ምንም ስህተት 1073741824 ይሆናል፤ ከአምስት ጊጋ ወደ አንድ ጊጋ። ባለ 32 ቢት ሊኑክስ ትልልቅ ቦታዎችን የሚቀበለው ቁጥሩን ሁለት ግማሽ አድርጎ ነው፤ ታችኛው ግማሽ ምልክት የሌለው መሆን አለበት። ምልክት ካለው፣ ከፍተኛው ቢት ሲበራ ወደ ላይኛው ግማሽ ተስፋፍቶ ያበላሸዋል። ውጤቱ በጠሪው ዓይነት ውስጥ የማይያዝ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ኢኦቨርፍሎው የተባለው ስህተት ነው።

በዊንዶውስም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የድሮው ሴትፋይልፖይንተር የሚመልሰው የቦታውን ታችኛ 32 ቢት ነው፤ የውድቀት ምልክቱ 4294967295 ደግሞ ትክክለኛ ቦታም ሊሆን ይችላል። ጠሪው የስህተት ኮዱን ለብቻው ካልጠየቀ ስኬትና ውድቀት አይለዩም። አዲስ ኮድ የኤክስ ቅጥያ ያለውን ተተኪ ቢጠቀም ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ሁለት ትሬዶች በአንድ ጊዜ ቢመጡስ?

«ካለበት» የሚለው መነሻ አንድ ሥራ ቢመስልም ሦስት ነው፦ ቦታውን ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ ማስፈር። ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ቦታው 100 ሳለ እያንዳንዳቸው 50 ቢጨምሩ ውጤቱ 200 መሆን ይገባዋል። ሁለቱም 100ን ካነበቡ በኋላ ከጻፉ ግን 150 ይቀራል። የሊኑክስ የጋራ ኮድ ለዚህ መነሻ ለብቻው መቆለፊያ ይይዛል። ንባብና ጽሕፈት ከቦታው ለውጥ ጋር እንዳይጋጩ የሚጠብቀው ሌላው መቆለፊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሊኑክስ 3.14 ጋር የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ትሬዶች በተመሳሳይ ቦታ ላይ ተደራርበው ሊጽፉ ይችሉ ነበር።

«ከመጨረሻው» ሲሆን ጥያቄው ወደ መጠኑ ይዞራል። በባለ 32 ቢት ማሽን ላይ የ64 ቢት መጠን በአንድ ትእዛዝ ላይነበብ ይችላል፤ ሌላ ትሬድ ፋይሉን እያሳደገ ከሆነ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ሊገኝ ነው። ለውጡ መጠኑን በቀጥታ ካነበበ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን የንባብ ተግባር እንዲጠቀም ጠይቁ። በኔትወርክ ፋይል ሲስተም ላይ ደግሞ መጨረሻውን ለማወቅ አገልጋዩን መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህ ረጅም ጥበቃ መተኛት (ሥራውን አቁሞ መጠበቅ) በማይፈቅድ መቆለፊያ ሥር እንዳይወድቅ ተመልከቱ።

መቆለፊያ የሚያነሳ ለውጥ ከመጣ አትደንግጡ፤ ሊኑክስም በ3.2 የጋራውን ሲክ ከከባድ መቆለፊያ አላቅቆታል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይቅረብላችሁ፦ የፍጥነቱ ልኬትና፣ መቆለፊያው ይጠብቀው የነበረውን እያንዳንዱን ነገር አሁን ማን እንደሚጠብቀው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ምንም ያህል ቢያምር አይበቃም።

ደረጃ 5፦ ፋይል የማይመስሉትን ፋይሎች ቁጠሩ

ፓይፕና ሶኬት (ዳታ በሂደቶች መካከል የሚፈስባቸው መስመሮች) ቦታ የላቸውም፤ መልሳቸው ኢኤስፓይፕ የተባለው ስህተት ነው። «ስህተት ከምንመልስ ዝም ብለን 0 እንመልስ» የሚል ለውጥ አሳቢ ይመስላል፤ ግን አደገኛ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ፋይሉ ወደ ኋላ መመለስ ይችል እንደሆነ የሚያውቁት ካሉበት ቦታ ዜሮ እርምጃ በመጠየቅ ነው። ባሽ የተባለው ሼል አንድ መስመር ለማንበብ ሲፈልግ፣ ስህተቱን ካገኘ አንድ አንድ ባይት እየወሰደ ይሄዳል፤ ካላገኘ ብዙ አንብቦ የተረፈውን በሲክ ይመልሳል። የማይመለስን ነገር «ይመለሳል» ካላችሁት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ሊያነበው የሚገባው ዳታ ተውጦ ይቀራል። ከዚሁ ጋር፣ የዜሮ እርምጃ ጥያቄ ምንም ነገር መለወጥ እንደሌለበት አረጋግጡ።

ማውጫ ሌላ ዓለም ነው። በኤክስት4 ውስጥ የማውጫ ቦታ ከስም የተሰላ ሐሽ ሊሆን ይችላል፤ የባይት ቁጥር አይደለም፣ አይደመርበትም አይቀነስበትምም። ኑል የተባለው መሣሪያ ምንም ብትጠይቁት ዜሮ ይመልሳል። በመጨመሪያ ሁኔታ የተከፈተ ፋይል ሲክ ይቀበላል፣ ሲጽፍ ግን ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። ለውጡ የጋራ ኮድን የሚነካ ከሆነ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ እለፉባቸው።

ደረጃ 6፦ ዳታና ባዶ ፍለጋ

ሊኑክስ ከ3.1 ጀምሮ ሁለት ተጨማሪ መነሻዎችን ያውቃል፦ ቀጣዩን ዳታ ፈልግ፣ ቀጣዩን ባዶ ፈልግ። ደንቡ ጥቂት ነው። የፋይሉ መጨረሻ ሁልጊዜ እንደ ባዶ ይቆጠራል። የተሰጠው ቦታ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ወይም ከዚያ ያለፈ ከሆነ ኢኤንኤክስአይኦ የተባለው ስህተት ይመለሳል። ስለ ባዶዎች የማያውቅ ፋይል ሲስተም ፋይሉን በሙሉ «ዳታ ነው» ማለት ይችላል።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይከብዱም። ባዶውን ዳታ ብሎ መናገር ቦታና ጊዜ ያባክናል፤ ዳታውን ባዶ ብሎ መናገር ግን የሰውን ፋይል ያጠፋል፤ የኦፕንዜድኤፍኤስ ተጠቃሚዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ በለውጡ ውስጥ «ባዶ» የሚለው መልስ የሚወጣበትን እያንዳንዱን መንገድ አግኙና፣ በዚያች ቅጽበት በማህደረ ትውስታ ያለ፣ ዲስክ ላይ ግን ያልሰፈረ ዳታ ሊኖር ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ኮዱ እርግጠኛ ባልሆነበት ሁሉ መልሱ «ዳታ» ይሁን። ጸሐፊው ይህ ፍጥነት ይቀንሳል ቢላችሁ አትለሳለሱ።

አንድ ትንሽ ነገርም አለ፦ በሊኑክስ ዳታ 3፣ ባዶ 4 ነው፤ በማክኦኤስ ተገላቢጦሽ። ቁጥሩን ራሱን የጻፈ ኮድ ካያችሁ በስሙ እንዲተካ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ አስኪዱት

ለውጡ ብልሽት ያስተካክላል ከተባለ፣ አብሮት የመጣው ሙከራ በአሮጌው ኮድ ላይ መውደቅ አለበት። መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ፤ በሁለቱም ላይ የሚያልፍ ሙከራ ምንም አይመሰክርም። ከዚያ ነባሮቹን አስኪዱ፦ ኤልቲፒ የተባለው የሊኑክስ የሙከራ ስብስብ በርካታ የሲክ ሙከራዎች አሉት፤ ኤክስኤፍኤስቴስትስ በተባለው የፋይል ሲስተም ሙከራ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ጄኔሪክ 285 የዳታና የባዶ ፍለጋን ይፈትሻል። የትሬዶችን መጋጨት ለማደን ከርነሉን ኬሲሳን ከተባለው መመርመሪያ ጋር ገንቡት።

በእጅ የምትሞክሯቸው ቁጥሮች ድንበር ላይ ያሉት ይሁኑ፦ 0፣ ‎−1፣ የፋይሉ መጠን፣ ከመጠኑ አንድ ያነሰና አንድ የበለጠ፣ 2147483647 እና 2147483648፣ 4294967295 እና 4294967296፣ የፋይል ሲስተሙ ገደብና ከገደቡ አንድ የበለጠ፣ የ64 ቢት ትልቁና ትንሹ ቁጥር። ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ ደግሞ ቦታውን መልሳችሁ ጠይቁ። ብዙ የሙከራ ኮድ ስህተቱ መመለሱን አይቶ ይረካል፤ ቦታው መንቀሳቀሱን አይጠይቅም።

ደረጃ 8፦ አስተያየቱን ጻፉ

«ቅደም ተከተሉ ትክክል አይመስለኝም» የሚል አስተያየት ክርክር ይወልዳል። ግብዓቱንና ውጤቱን አስቀምጡ፦

«ቦታው 10 ሳለ ‎−20 እርምጃ ስልክ ኢኢንቫል ይመለሳል፤ ከዚያ ቦታውን ስጠይቅ ግን እንደገና ስህተት ይመለሳል፤ በከርነሉ መዝገብ ውስጥ ‎−10 አገኛለሁ። አራተኛው መስመር ከፍተሻው በኋላ ቢሆን ይስተካከላል። ያልታወቀ መነሻም ሳይያዝ እያለፈ ነው።»

ለውጡን የሚያግደውንና በጣዕም ብቻ የማይስማማችሁን ለዩ፤ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ከጻፋችኋቸው ጸሐፊው የተለዋዋጩን ስም ቀይሮ መቆለፊያውን ይረሳዋል። በሊኑክስ «ገምግሜያለሁ» የሚለው መስመር ከነስማችሁ በታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ያላያችሁትን በግልጽ ጻፉ፦ «በባለ 32 ቢት ማሽን ላይ አልሞከርኩትም»፣ «የኔትወርክ ፋይል ሲስተሞችን አልተመለከትኩም»። ይህ የሚቀጥለው ገምጋሚ ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል።

ሁለተኛው እትም ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋር በጊት አነጻጽራችሁ ልዩነቱን አንብቡ፤ ነገር ግን በዚያ አታብቁ። ፍተሻው ወደ ላይ ሲወጣ በስህተት መመለሻ መንገዱ ላይ መቆለፊያው ሳይለቀቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን የምታዩት ሙሉውን ተግባር ከላይ እስከ ታች እንደገና ስታነቡት ብቻ ነው።